የጋራው ፎልደር

በቦንጋ፣ በመሥሪያ ቤቶች ግቢያችን ውስጥ ሰርቨር የሚባለውን ዋና ኮምፒውተር የምጠብቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰርቨሩም አንድ ነው። በላዩ የመሬትና የሠራተኛ አስተዳደር ፕሮግራሞች ይሠራሉ። ሁለቱም ላይብረሪ የምንለውን የኮድ ጥቅል ከአንድ የጋራ ፎልደር ይወስዱ ነበር። ችግሩ፣ የመሬቱ አሮጌውን ጥቅል፣ የሠራተኛው አዲሱን ይፈልጋል። አንዱን ሳስነሳ ሌላው ይወድቃል።

ያን ጊዜ እትዬ የወርቅውሃ ከመሬት፣ ጋሽ ኢያሱ ከሠራተኛ አስተዳደር ዝናቡን እያማረሩ ክፍሌ ይመጡ ነበር። ስልክ አይደውሉም፤ አጠገቤ ካልተቀመጡ ሥራው የሚፋጠን አይመስላቸውም። እስክጨርስ ይነታረካሉ።

«የእርስዎ አዲስ ነገር ነው የኔን የገደለው!» ይላሉ እትዬ።

«እርስዎስ እስከ መቼ በአሮጌ ይኖራሉ?» ይላሉ ጋሽ ኢያሱ።

ከዚያ እትዬ ከቦርሳቸው የተቀቀለ በቆሎ አውጥተው ለሦስት ይከፍሉታል። «አንተ ደግሞ ምነው ከሳህ?» ይሉኛል።

ንትርኩ ሰለቸኝና አንድ ቀን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ፎልደር ከፍቼ የሚስማማውን ጥቅል አስገባሁለት። ሠራ! በአንድ ለአምስት ስብሰባችን «ከሲስተም በኩል ቅሬታ የለም» ተባለና ወደ ሌላ አጀንዳ ታለፈ። ከዚያ ወዲህ በሬን ያንኳኳ የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰርቨሩን ማራገቢያ ብቻ ሰማሁ። ጋሽ ኢያሱ እንኳ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ሰላም ነው አይደል?» ብለው ጃንጥላቸውን እንደያዙ አለፉ።

ሰላም ነው። ምን ያደርጋል!

ዛሬ ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም ፕሮግራሞች ወደ ቀድሞው የጋራ ፎልደር መለስኳቸው። ከዚያ በሩን ከፍቼ የሁለቱን ወንበሮች አቧራ ጠረግሁ።