ለሽቅርቅር አልድርም

ሽማግሌዎቹ ከበሩ ገብተው ቆመዋል፤ ገና ተቀመጡ አልተባሉም። የላካቸው ያርጋል ነው፤ ዳባት መናኸሪያ አጠገብ ፀጉር ቤት ያለው። ሶልያና ጓዳ ሆና ትሰማለች።

"ልጁ ጨዋ ነው፣ መሪጌታ" አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ አቶ ላቀው። "አይጠጣ፣ ከሰው አይጣላ።"

"ሽቅርቅር ነው!" አሉ አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል። "ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ጫማውን በመሐረብ ሲጠርግ በዓይኔ አይቼዋለሁ። መስታወት ፊት የሚውል ወንድ ትዳር አያቆምም። ልጄን ለሽቅርቅር አልድርም።"

የሶልያና ደም ፈላ። እህቷ ምሥራቅ የተሰበረ ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ አጠገቧ ተቀምጣለች። የምሥራቅን ባል የመረጡት እኚሁ አባት ናቸው። ሰውየው ከመካነ ብርሃን ሲመጣ ኮቱ ክርኑ ላይ የተቀደደ ነበር። "ለልብስ የማይጨነቅ ቁም ነገረኛ!" ብለው ጠባዩን ሳያጣሩ ዳሩለት። ክንዷን የሰበረው እሱ ነው።

ሶልያና መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

"አባባ፣ ሌባ ነው ይበሉኝ፣ እሺ እላለሁ። ሸሚዙን ስለተኮሰ ነው የሚከለክሉኝ?"

"ግቢ!"

"አልገባም! ቁም ነገረኛው የሠራውን ጓዳ ገብተው ይዩት። ጤና ጣቢያ ወስጄ ክንዷን ያሳሰርኩላት እኔ ነኝ!"

መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። ሽማግሌዎቹም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉ።

ከሰዓት በኋላ ሶልያና ፀጉር ቤቱ ስትደርስ ያርጋልን አላወቀችውም። ወሬውን ሰምቶ ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። ከጎረቤት የተዋሰውን ቡትቶ ኮት ደርቦ ኮንጎ ጫማ አድርጓል።

"አባትሽ ዘንድ ራሴ ልሄድ ነው" አላት። "እንዲህ ሆኜ ቢያዩኝ እሺ ይሉ ይሆናል።"

"ማን እንዲህ ሁን አለህ?"

"ላንቺ ብዬ ነው።"

"ለእኔ ብለህ አትዋሽ! ከአባቴ የተጣላሁት ላንተ ነው፤ ለዚህ ኮት አይደለም። አንተ በራስህ ካፈርክ እኔ ምን አሟገተኝ?"

"አንቺ ምን አለብሽ!" ጮኸ ያርጋል። "ከልጅነቴ ጀምሮ ሽቅርቅር፣ ሴታሴት ሲሉኝ ስቄ አለፍኩ። ዛሬ ግን አንቺን አስከለከለኝ። ንጹሕ መልበስ ምን ወንጀል አለው?"

"ይህንን ነው ለእሳቸው መንገር! ልበስና እንሂድ።"

ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ወረወረው። የራሱን ሸሚዝ ለብሶ ቆለፈ። አብረው ሄዱ፤ መሪጌታ ግን በር አልከፈቱላቸውም።

ዐቢይ ጾም ሲፈታ ደባርቅ ማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። ምሥራቅ ምስክር ሆነች፤ ወደ ባሏም አልተመለሰችም። አባታቸው አልመጡም። ዛሬም መንገድ ላይ ሲገናኙ ሶልያናን ብቻ ሰላም ይላሉ። እሷም ያርጋልን ሰላም እስኪሉት ድረስ አልመልስም ብላ ፊቷን አዙራ ታልፋለች።