አንድ ደቂቃ ለጓድ ተሻገር

ተሻገር ዝምተኛ ነው የሚል ካለ ይዋሻል። ከኤርፖርት እየተመላለሰ ሻትል ሲነዳ ተሳፋሪውን ሁሉ በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም ሲያደነቁር ይውላል። አፉ የሚታሰረው እኔ ፊት ብቻ ነው።

እኔ ሰርካዲስ ነኝ፤ ቴክሳስ ኧርቪንግ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ የጽዳት ሠራተኞች ኃላፊ። ሆቴሉ ሂውስተን ወዳለው ቅርንጫፉ ሊያዛውረኝ ፈልጎ እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ብሎኛል። ይህንን ለተሻገር ስነግረው «እሺ፣ እንነጋገርበታለን» አለና ስለ መኪናው ጎማ አንድ ሰዓት አወራኝ። እስከ እሑድ ማታ ድረስ የልቡን ካልተናገረ እሄዳለሁ ብዬ ማልኩ። አርባ ዓመቴ ነው፤ ከዚህ በላይ ስለ ጎማ መስማት አልችልም።

ደግሞ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በሰባ አንድ ዓ.ም. አባቶቻችን ኦጋዴን ላይ የወደቁብን ልጆች ተሰብስበን ኩባ ተላክን፤ እኔና ተሻገር እዚያ ደሴት ላይ ነው ያደግነው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላን ብርቱካን እርሻው ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተገኘን። በማግስቱ ስድስት መቶ ተማሪ ፊት ግለ ሂስ አድርጉ ተባልን። እኔ አልቅሼ ተቀመጥኩ። ተሻገር ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ «ጥፋቴን አምኛለሁ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለ። አልለመደውማ! እኔ አግብቼ ፈታሁ፣ እሱ ሳያገባ ፀጉሩ ሸበተ፣ ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ ተገናኘን፤ ያቺን ቃሉን ግን እስከ ዛሬ ይጠብቃል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእህቴ ልጅ ሔራን ከዴንተን ደወለች። እዚያ ኮሌጅ ትማራለች፤ አንድ የሥዕል አዳራሽ ውስጥም ትሠራለች።

«አክስቴ፣ ሶ፣ ከኩባ የመጣች አርቲስት አለች። ሥዕል አይደለም፣ ማለቴ፣ ማይክ ብቻ ነው። ሰው መድረክ ላይ ይወጣል፣ መናገር ያልቻለውን ነገር አንድ ደቂቃ ይናገራል፣ ከዛ ሁለት ወታደር ከመድረኩ ሪሙቭ ያደርጉታል። በአገሯ ከልክለዋታል። ተሻገርን ይዘሽው ነይ!»

ከሰዓት በኋላ ሄድን። ከፍ ያለ መድረክ፣ ማይክ፣ ትልቅ ሰዓት፣ የወታደር ልብስ የለበሱ ሁለት ግዙፍ ተማሪዎች። አንድ ጎረምሳ ስለ ኢራቅ ጦርነት ጮኾ ወረደ። አንዲት ኩባዊት አሮጊት ምንም ሳይናገሩ ደቂቃቸውን አልቅሰው ጨረሱ። ልቤ ራርቶ መሐረቤን ስፈልግ፣ ቀና ስል ተሻገር ማይኩ ፊት ቆሟል። ኮቱን ቆልፏል! ዛሬ ሊናገር ነው ብዬ ወደ መድረኩ ተጠጋሁ።

ማይኩን ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

«የተከበራችሁ የመድረኩ መሪዎች፣ ውድ ተሰብሳቢዎች፣ ክቡራንና ክቡራት» አለ በአማርኛ። «በቅድሚያ ይህን የመናገር ዕድል ስለሰጣችሁኝ በራሴና በጓደኞቼ ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ንግግሬን በሦስት ከፍዬ አየዋለሁ። አንደኛ፣ ታሪካዊ ዳራ…»

ደቂቃው አለቀ። ወታደሮቹ ብብቱ ሥር ገብተው አነሱት። «ጓዶች፣ ወደ ዋናው ነጥብ እየገባሁ ነው!» እያለ እግሩ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አርቲስቷ ብድግ ብላ እንባዋን ትጠርጋለች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አክስቴ!» አለች ሔራን። «በጣም ወዳዋለች! ስለ ሳንሱር ነው አይደል የተናገረው?»

«ስለ ጎማ ሳይሆን አይቀርም» አልኳት። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ሃያ አምስት ዓመት ጠብቄ ምስጋና! ሳላስበው መድረኩ ላይ ነኝ።

«ሥነ ሥርዓት!» ብዬ ጮኽኩ።

አማርኛ የማያውቁት ወታደሮች እንኳ ተሻገርን ለቀቁት።

«ጓድ ተሻገር ዋናው ነጥብ ላይ ሳይደርሱ ነው የወረዱት። የእኔን ደቂቃ ለእሳቸው ሰጥቻለሁ!»

ተመልሶ ወጣ። ላብ አጥምቆታል። «በቅድሚያ ይህን ዕድል…»

«ተሻገር!»

ሰዓቱን አየ፤ ዐሥር ሰከንድ ቀርታለች። ከዚያ እኔን አየኝ።

«በሰባ ስድስት ዓ.ም. ያደረግሁትን ግለ ሂስ ሰርዣለሁ» አለ። «ጥፋት አልነበረም። ሂውስተን አትሂጂብኝ ሰርኬ፤ አግቢኝ።»

ወታደሮቹ መጡ። እኔ እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ፣ እየሳቅሁም እያለቀስሁም፣ «የሚቃወም? ድምፀ ተዓቅቦ? በሙሉ ድምፅ አልፏል!» አልኩ። ሁለታችንንም አንጠልጥለው አወረዱን፤ በደስታ እግሬን አወራጭ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ «የንግግርህን ሦስተኛ ክፍል ሰማሁ፤ ሁለቱስ ምን ነበሩ?» ብዬ በራሴ ላይ ጣጣ አመጣሁ። መንገዱን አጋምሰን ካሮልተን ስንደርስ ገና ታሪካዊ ዳራው ላይ ነበር፤ እጄን ግን አልለቀቀም።