ከሥሩ ወረቀት የሌለው ጥልፍ

«ይህን ማነው የሰፋው?»

ኢንሻራህ ከእናቷ ሳጥን ያወጣችውን ትንሽ ብርድ ልብስ ዘርግታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። የእናቷ ለቅሶ ሁለተኛ ቀን ጠዋት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል፤ ከግቢው ድንኳን የወንዶቹ ዱዓ ይሰማል። የእናቷ ወንድም ሐጂ ዘካሪያ የሟችን ልብስ ለሰደቃ ሊወስዱ መጥተው የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል።

«ማን ይሰፋዋል፤ እሷው ናታ» አሉ። «የሕፃን ነው። ጨምሪው፣ ነገ ለሚስኪን ይሰጣል።»

«የእማ እጅ አይደለም፣ አጎቴ።»

አይመስልምም ነበር። መሐሉ ላይ የተጠለፈው አበባ ዙሪያውን ጨርቁን ሰብስቦ አጨማዶታል። ክሩ ጥጡን ወግቶ በጀርባው ወጥቷል፤ ጀርባው ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። ሁለተኛውን አወጣች። እሱም እንደዚያው። ሦስተኛው አበባ አለው፤ ግን ጥጥ ሳይገባበት ዳር ዳሩ ተሰፍቶ ተዘግቷል። አራተኛውና አምስተኛው አበባ የላቸውም፤ አበባው የነበረበት ቦታ ላይ ግን የመርፌ ቀዳዳ በክብ በክብ ቀርቷል። አንድ ሰው ተርትሮታል።

እናቷ ሀስና ደሴ ሸዋበር ውስጥ ሠላሳ ዓመት በጥልፍ የኖረች ሴት ናት። ከሐርቡና ከገራዶ ሳይቀር ለሙሽራ የሚያስጠልፉ ሰዎች ስሟን ጠይቀው ይመጡ ነበር። ኢንሻራህ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ የላዩን ጨርቅ፣ ጥጡንና የታቹን ጨርቅ ደራርባ ቸኩላ ከሰፋች በኋላ አበባ ልትጠልፍበት ስትል እናቷ መርፌውን ከእጇ ቀምታት ነበር።

«ምን ያጣድፍሻል? አበባው የሚጠለፈው በላይኛው ጨርቅ ላይ ብቻ ነው፤ ገና ጥጡ ሳይገባ። ከሥሩ ወረቀት አድርጊለት። ጨርቅ ብቻውን ይህን ሁሉ መርፌ አይችልም፣ ይጨማደዳል። ጥልፉ ሲያልቅ ወረቀቱን ቀስ ብለሽ ትቀጂዋለሽ። ሦስቱን ደርበሽ የምትሰፊው ከዚያ በኋላ ነው።»

«የሚቀደድ ከሆነ ለምን ይደረጋል?»

«ሥራው እስኪያልቅ እንዲደግፍ ነዋ!»

እንዲህ ያለች ሴት ይህን አልሰፋችም። ኢንሻራህ አምስቱንም አልጋው ላይ ደርድራ እትዬ ሰርካዲስን አስጠራች።

እትዬ ሰርካዲስ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። ከሀስና ጋር አንድ ሱቅ ተጋርተው፣ እሳቸው ቀሚስ ሲሰፉ ሀስና ስትጠልፍ አርጅተዋል። ትናንት ከወጥ ቤት አልወጡም፤ ዛሬም እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ገቡ። አልጋው ላይ ያለውን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ሱቁ ውስጥ ለማጅ አስገብታችሁ ነበር?» አለች ኢንሻራህ።

«የለም።»

«ታዲያ ይህ ከየት መጣ?»

«መልሰሽ ሳጥኑ ውስጥ ክተችው፣ ልጄ። ዛሬ ለቅሶ ላይ ነሽ።»

«እርስዎ እያሉ እንዲህ ያለ ሥራ በእማ ስም ይሠራል? ነገ በሰደቃ ቢወጣ ሰው ምን ይላል? ሀስና ይህን ጠለፈች አይልም?»

እትዬ ሰርካዲስ ከአልጋው ጫፍ አንዱን አንሥተው አጠፉትና፣ እንደገና አስቀምጠውት ወጡ። ሐጂ ዘካሪያ አንዴ የእህታቸውን ልጅ፣ አንዴ በሩን አዩ። «ነገ እመለሳለሁ» ብለው እሳቸውም ወጡ።

ቀኑን ሙሉ ነገሩ ከኢንሻራህ ጭንቅላት አልወጣም። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» የሚሏትን ሁሉ «አሚን» እያለች ትመልሳለች፤ ማን እንደመጣ ማን እንደሄደ ግን አታውቅም። አጠገቧ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ ያወራሉ።

«በቀደም ሱቋ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ቁልፉ እጇ ላይ ነው። ‹ቁልፌን አየሽልኝ?› አለችኝ።»

«እኔንማ ስሜን ጠየቀችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።»

ኢንሻራህ ዞር ስትል ዝም አሉ።

ስለማን ነው የሚያወሩት? ከባሏ ከሀፊዝ ጋር ኮምቦልቻ ስትኖር እናቷ በየቀኑ ትደውልላት ነበር። «ሥራ እንዴት ነው? ሀፊዝ ደህና ነው? ኮምቦልቻ ሞቀ?» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ኮምቦልቻ ሞቀ?» ትላለች። ኢንሻራህ እንደ እርጅና ወሬ ቆጥራው ነበር። ያስቀየማት ሌላ ነገር ነው። ሁለት ጊዜ ካስወረዳት በኋላ፣ ሦስተኛውን ፅንስ ሦስት ወር ሲሞላው ነው ለእናቷ የነገረቻት። እናቷ ስልኩ ላይ አለቀሰች፤ አላህን አመሰገነች። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን ስለ ፅንሱ ጠይቃት አታውቅም። ኢንሻራህም አላነሣችባትም። «ፈርታ ነው» አለች መጀመሪያ። በኋላ «አትፈልገውም» አለች። ሐኪሙ የደሴን ጠመዝማዛ መንገድ ከልክሏት ስለነበር ወጥታ ፊቷን አላየችም። በመጨረሻ የወጣችው ለቅሶ ለመቀመጥ ነው። ያኔም ሀፊዝ መኪናውን በእግር የመሄድ ያህል ቀስ አድርጎ እየነዳ ነው ያደረሳት።

አመሻሹ ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሴቶቹ ሳሳ ሲሉ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። እትዬ ሰርካዲስ ከትልቁ ድስት አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ኢንሻራህ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«እማ ምን ሆና ነበር?»

እትዬ ሰርካዲስ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«በነቢ ይዤሻለሁ ብላ አስማለችኝ፤ እኔ በማርያም ማልኩላት። አሁን መሐላው ይፍረስ አይፍረስ አላውቅም» አሉ። «መርሳት ጀምራ ነበር፣ ልጄ። መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ መንገድ፣ ከዚያ እጇም ረሳ። ልቧ የበራላት አንድ ቀን ‹ለኢንሻራህ እንዳትነግሪያት› አለችኝ። ‹ከሰማች ትመጣለች። ያ መንገድ ልጇን ያስወርዳታል።›»

ኢንሻራህ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ፅንሱን ታስታውስ ነበር?»

«አታስታውስም። ማታ ትረሳዋለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እኔ እነግራታለሁ። በሩን ከፍቼ ‹ሀስናዬ፣ ልጅሽ አርግዛለች› እላታለሁ።» እትዬ ሰርካዲስ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጡ። «በየቀኑ አዲስ ብሥራት ነበር። ‹ስንት ወሯ ነው?› ትለኛለች። እነግራታለሁ። ጨርቅ ባገኘች ቀን ወዲያው መቀሱን አንሥታ የሕፃን ብርድ ልብስ ትቆርጣለች። ትናንት የጀመረችው መኖሩን አታውቅም።»

«አምስቱም…»

«አምስቱም ለአንድ ልጅ ናቸው። ሥራው ግን ጠፍቶባት ነበር። ጥጡን ደርባ ከሰፋች በኋላ ነው አበባው የሚታወሳት። ወረቀቱን ከሥሩ ሳደርግላት ‹ይህ ምንድነው?› ብላ ትጥለዋለች። ሲጨማደድባት ጊዜ ታለቅሳለች፤ ‹ማን አበላሸብኝ?› ትላለች። ስለዚህ ቀትር ላይ ለዙሁር ሶላት ስትነሣ ጠብቄ እተረትርላታለሁ። ተመልሳ ንጹሕ ጨርቅ ስታገኝ ደስ ይላታል። ሦስቱን ሳላደርስ ቀረሁ።»

ኢንሻራህ ስለጠዋቱ ይቅርታ ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር፤ ከየት እንደምትጀምር አጣች። በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። እትዬ ሰርካዲስ «ተዪ፣ ሐዘንተኛ ነሽ» አላሏትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐጂ ዘካሪያ ተመልሰው መጡ። ኢንሻራህ የእናቷን ቀሚሶችና ሻሾች አጣጥፋ ሰጠቻቸው።

«ብርድ ልብሶቹስ?»

«እነሱ የልጄ ናቸው፣ አጎቴ።»

ሐጂ ዘካሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷን አዩ። «አላህ በሰላም ይገላግልሽ» ብለው ጥቅሉን ይዘው ሄዱ።

የደሴ ጉም ገና ከጣሪያው አልተነሣም። ለቅሶ ደራሾቹ አልመጡም። ኢንሻራህ እናቷ ትቀመጥበት በነበረው ፍራሽ ላይ ሆና ከአበባዎቹ አንዱን በመርፌ ጫፍ መተርተር ጀመረች። ሁለት ክር ሳበችና ተወችው። ይተርተር ወይስ እንዲሁ ይሁን፣ መወሰን አቃታት። የእናቷን ስሕተት ይሁን የእናቷን እጅ የምታፈርሰው አልለይ አላት።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ሰርካዲስ ነበሩ፣ ሁልጊዜ በሚመጡበት ሰዓት። አንድ እግራቸውን ደፉ ላይ አድርገው አፋቸውን ከፈቱ፤ ፍራሹ ላይ ማን እንዳለ ሲያዩ ደርቀው ቀሩ።

«እግሬ ነው ያመጣኝ» አሉ። «ለካ የምነግረው ሰው የለም።»

«ይንገሩኝ።»

«ምን ልንገርሽ?»

«እንደ ጠዋት ጠዋቱ።»

እትዬ ሰርካዲስ የነጠላቸውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሀስናዬ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅሽ አርግዛለች።»

ኢንሻራህ ቀና ብላ አየቻቸው። «እትዬ» አላለችም፤ አንቱም አላለቻቸውም።

«ስንት ወሯ ነው፣ ሰርካዲስ?»

«ስድስት ገባላት።»

ኢንሻራህ ጨርቁን ከጎኗ አነሣችና፣ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።