ማሽኑ ተመልሶ እስኪቀመጥ

ወረቀቱን ከማሽኑ ጎትታ አወጣችና ለመምህር ወንድሟ አቀበለችው። ዓይነ ስውሩ መምህር ሌባ ጣቱን ነጥቦቹ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አስኬደ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

“ሦስተኛው መስመር እዚህ ላይ ተደርቧል” አላት። “የሚነበብ አይደለም።”

“ትናንት እኮ ልቅም አድርጎ ነው ያተመው፣ ጋሼ።”

“ታዲያ ዛሬ ምን ነካክተሽ ነው?”

ይህች አባባል አቃጠለቻት። ማሽኑ ወረቀት ላይ የሚዳሰሱ ነጥቦችን እየወጋ የሚጽፍ የብሬል ማተሚያ ነው፤ የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮቹን ኮዱ ለሁሉም ክፍት ወደሆነ ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲቀይር፣ ማተሚያውና ኮምፒውተሩ ተኳረፉ። የሚያግባባቸው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም አልነበረማ። እሷ ደግሞ አንዴ ከያዘች የማትለቅ ሴት ናት። ያለ መመሪያ መጽሐፍ፣ ሳይቀየር የቀረ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከማሽኑ ጋር በገመድ የሚለዋወጠውን እያንዳንዱን ምልክት እየመዘገበች፣ ከሥራ በተረፋት ሰዓት ሰባት ወር ሙሉ ቋንቋቸውን ተማረችና ድራይቨሩን ራሷ ጻፈች። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት እንደሚገኝ እንጃ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ ፈተና አለ። ዓይነ ስውር የሆኑት አሥራ አራቱ ተማሪዎች ጥያቄውን በጣታቸው ካላነበቡ ሌላ ሰው ሊያነብላቸው ነው። መምህሩ በልጅነቱ እንደዚያ ተፈትኗል። አንባቢው ቸኩሎ ነበር፤ “ድገምልኝ” ማለት አፈረና የሚያውቀውን ሒሳብ ወደቀ። ይህን ከእህቱ በቀር ለማንም አልተናገረም።

“የነካሁትማ ምንም የማይሠሩ የኮድ መስመሮችን ነው” አለች። “‘እዚህ ደረስኩ’፣ ‘እዚህን አለፍኩ’ እያሉ እንዲነግሩኝ ለራሴ ያስገባኋቸውን ነው ያወጣሁት። ገምጋሚው እንዲህ ያለ ዝባዝንኬ አይቀበልም።”

ገምጋሚው በደብዳቤ ብቻ የምታውቀው፣ ወደ ሲስተሙ የሚገባን ኮድ ሁሉ የሚያበጥር ሰውዬ ነው። ሦስት ጊዜ መልሶባታል፤ ሦስቴም ልክ ነበር።

መስመሮቹን መለሰቻቸው፤ ማሽኑ ዘጠኝ ገጽ አሳምሮ አተመና አሥረኛውን አበላሸ። አወጣቻቸው፤ ሁሉም ተደራረበ። ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

“በቃ፣ መልሼ ላስገባቸው። የተበላሸ ገጽ የደረሰው ልጅ ይናገራላ።”

“ላይናገርም ይችላል” አለ መምህሩ ቀስ ብሎ።

አፈረች።

“እስቲ ሁለቱንም አንድ ጊዜ አሰሚኝ” አላት።

መጀመሪያ መስመሮቹን አስገብታ፣ ቀጥሎ አውጥታ አተመች፤ እሱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ ደግሞ አዳመጠ።

“በፊተኛው ነጥቡን የሚወጋው መቺ መስመሩን ይጨርስና ተመልሶ ቦታው ቁጭ ይላል፤ ጠቅ ሲል ይሰማኛል። በኋለኛው ግን ወረቀቱ ሳይገፋ፣ እሱም ሳይቀመጥ ታስነሺዋለሽ። እንኳን ማሽን፣ እኔም እንዲህ ብታዋክቢኝ እደናበራለሁ።”

ለካ እነዚያ የማይረቡ መልእክቶች ፕሮግራሙን እያዘገዩ ለማሽኑ ብዙውን ጊዜ የሚበቃው ፋታ ይሰጡት ኖሯል። መዝገቧን ገለጠች። ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ማሽኑ የሚመልሳት፣ ትርጉም የላትም ብላ የዘለለቻት አንዲት ምልክት ነበረች። “ተቀምጫለሁ” ማለቱ ነበር። ምልክቷ እስክትመጣ የሚጠብቁ አራት መስመሮች ጻፈች፤ ዝባዝንኬውን ጠርጋ አወጣች።

አሥራ አራቱም ፈተናዎች ወጡ። መምህሩ አንድም ገጽ ሳያልፍ ዳሰሳቸውና ሳቀ።

“ንጹሕ ነው። ጥያቄዎቹ ግን ከብደዋል፤ ይረግሙኛል።”

ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ለገምጋሚው ደብዳቤ ጻፈች፤ ስሕተቱን ያገኘው ሰው ስም በሚገባበት ቦታ የወንድሟን ስም አስገባችና ነገረችው።

“እኔ ምን ሠራሁና? ጆሮዬን ነው ያዋስኩሽ።”

“ያገኘ ሰው ይጻፋል፣ ጋሼ። ደንቡ ነው።”

“እሺ፣ አንብቢልኝና ላኪው።”

ጣቷ መላኪያው ላይ ነበር። ልታነብ አፏን ከፈተችና ተወችው። ደብዳቤውን ወደ ማተሚያው ላከች። መቺው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ተቀመጠ። ወረቀቱን ቆርጣ እጁ ላይ አኖረችለት።

“ራስህ አንብበው” አለችው። “እጠብቃለሁ።”