ስልሳው ከየት መጣ

«ስልሳ ከየት መጣ?» ብሎ ጻፈብኝ የፊዚክስ መምህራችን ጓድ አምባቸው፣ በቀይ እስክሪብቶ። ከጎኑ ዜሮ፤ ያውም ድብልብል ያለች ዜሮ።

ጥያቄው የአንድ አቶ ግራም ክብደት የስንት ፕሮቶን ክብደት ነው የሚል ነበር። አቶ ግራም ማለት ግራምን ለሺህ ከፍሎ፣ የተገኘውን ደግሞ ለሺህ፣ እንዲህ እያሉ ስድስት ጊዜ ሲወርዱ የሚገኝ ነገር ነው። ከማነሱ መከበሩ! እኔም ስድስት ጊዜ ወርጃለሁ፤ ግን በሺህ ፈንታ በስልሳ በስልሳ። እጄ ነው የሠራው፣ እኔ አላዘዝሁትም። ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። ሰኞ ጠዋት ድጋሚ ልፈተን ነው፤ ያንን ከወደቅሁ ከኮሌጁ መሰናበቴ ነው።

ስልሳው ከየት እንደመጣ መች ጠፋኝ! ግን ለማን ይነገራል?

መባረሬ ካልቀረ አባቴ ከሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ቅዳሜ በሞተር ጀልባ ወደ አገራችን ወደ ደቅ ደሴት ተሳፈርሁ። ባሕር ዳር ከነዘንባባዎቿ ጉም ውስጥ ገባች። የእህል ጆንያ ላይ ጋደም ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁና መውረድ ጀመርሁ። አንዴ ስወርድ ጀልባዋ አገር አከለች። ሁለተኛ ስወርድ ጣቴ ላይ ያረፈችው የውሃ ጠብታ ራሷ ጣና ሆነች፤ ዳርቻዋ አይታይም። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። የሞተሩ ድምፅ ጠፋ፤ እኔም ክብደት አልነበረኝም። ከሁሉም ታች ፕሮቶኖቹ ጸጥ ብለው ተቀምጠው ቁጠሪን የሚሉኝ መሰለኝ። ልቆጥራቸው ስል የጀልባው ጥሩንባ ጮኸ። ደቅ ደርሰናል።

አባቴ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ በዓሉም ጾሙም መቼ እንደሚውል የሚቆጠርበትን ትምህርት። ኧረ ምን ያስተምራሉ፣ ያስተምሩ ነበር እንጂ! ተማሪዎቻቸውን ብሔራዊ ውትድርና ወስዷቸው ከግቢያችን ሾላ ሥር ያሉት መቀመጫ ድንጋዮች ባዶ ናቸው። ዓይናቸውም ደክሟል።

«አገርነሽ ነሽ? ምነው ያለ ቀኑ?»

«ፈተና ወድቄ ነው፣ አባባ።» ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ስልሳውን ብቻ ዋጥሁት።

«ስንት ጊዜ ወረድሽ?»

«ስድስት ጊዜ።»

«በስንት በስንት?»

«በስልሳ» አልሁ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ቀስ ብለው «አንድ ቀን ለስልሳ ቢከፈል?» አሉኝ።

«ኬክሮስ።»

«ኬክሮስስ ለስልሳ?»

«ካልዒት። ከዚያ ሣልሲት፣ ራብዒት፣ ኀምሲት፣ ሳድሲት።»

«ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎታ! ሰባት ዓመት ሙሉ ከአጥሩ ማዶ ጌሾ እየለቀምሁ ስሰማዎት ነበር። ግቢ ብለውኝ ያውቃሉ? ሴት ነኝ አይደል!» እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም።

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ከድንጋዮቹ አንዱን በመቋሚያቸው መታ መታ አደረጉት።

«ተቀመጪ።»

ተቀመጥሁ።

«እነዚያ ሰዎች በስንት ነው የሚወርዱት?»

«በሺህ በሺህ።»

«በሺህ? ኤዲያ! ምን አስቸኮላቸው?»

እያለቀስሁ ሳቅሁ። ፕሮቶን ከአቶ ግራም ሌላ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ፣ በዚያም ደረጃ መለኪያ አንድ ከሁለት ሦስተኛ ገደማ እንደሚመዝን አስረዳኋቸው። ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ሁለት ደረጃ ሺህ ጊዜ ሺህ ነው። ለአንድ ከሁለት ሦስተኛ ሲካፈል ስድስት መቶ ሺህ።»

«ሺህ ምናምን ይጎድለዋል፣ አባባ።»

«እሱን ለጓዱ ተዪለት!»

ከሐይቁ ነፋስ መጣ፤ የሾላው ጥላ ረዝሞ እግራችን ላይ ወጣ። አባቴ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ? ብትወድቂ ደስ ይለኝ ነበር። እዚሁ ትቀሪልኝ ነበር። ይኼ ሁሉ ቁጥር ከእኔ ጋር አፈር ሊገባ ነው።»

እቀራለሁ ልል አፌን ከፈትሁ፤ አላስጨረሱኝም።

«በይ፣ እንደገና ውረጂ። በሺህ።»

እስኪመሽ አወረዱኝ። በተሳሳትሁ ቁጥር መቋሚያው ድንጋዩን ይመታል፤ ከላይ ያስጀምሩኛል። እሑድም ከቅዳሴ መልስ ጀልባው እስኪነሣ ድረስ እንዲሁ።

ሰኞ ጠዋት በሺህ ወረድሁ። አምስት መቶ ዘጠና ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ፕሮቶን። ጓድ አምባቸው እዚያው ፊቴ አረመና «አልፈሻል» አለኝ።

አሮጌውን ወረቀት ከደብተሬ አወጣሁ። ከቀዩ ጥያቄ ሥር መልሱን ጽፌ ሰጠሁት፦

«ከአባቴ ከመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ ከደቅ። አንድ ተማሪ አላቸው፤ ክረምት ትመለሳለች።»