ጋጣ ውስጥ የከረመችው ቮልጋ

አናርኩል ማኖቬላውን በሁለት እጇ ጨብጣ ሙሉ ክብደቷን ጣለችበት። ከመኪናዋ አፍንጫ ስር የተሰካው መጠምዘዣ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ተንጠለጠለችበት። እግሯ ከመሬት ለቀቀ፤ ሞተሩ ግን ያው ድንጋይ ነው።

«እሱ አንቺን ማንሳት ችሏል፤ አንቺ ነሽ እሱን ያቃተሽ» አለ ባሏ ቱርዱበክ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ሱፍ ይፈለቅቃል።

«እዚያ ሆነህ ከምታሽሟጥጥ ና ያዝልኝ።»

«ወገቤን ታውቂው የለ። ደግሞ ባዝራዋን ስትሸጪ መች አማከርሽኝ?»

«ባዝራዋ የኔ ነበረች። ከአባቴ ቤት ይዣት የመጣሁ።»

«እሷስ ትሄድ ነበር» አለና አፉ ውስጥ የያዘውን ገለባ እንትፍ አደረገው።

እውነቱን ነው። ባዝራዋ ትሄድ ነበር፤ ይቺ ቮልጋ ግን ባላቸው በሞቱባቸው በእማማ ዙራ ጋጣ ውስጥ ከተገተረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ጎማዎቿ ተኝተዋል፤ የበሮቿን ታች ዝገት በልቶት ጣት ያሾልካል፤ ዶሮዎች ጣሪያዋን ማደሪያ አድርገውታል። ይሁንና ኮፈኗ ላይ ያለችው የምትዘል አጋዘን አልተነቀለችም። መስታወቶቿም አንድ አልጎደሉም። መንደርተኛው ሁሉ «ለቁራሌው ስጡትና ተገላገሉ» ሲል አናርኩል ያየችው አጋዘኗንና መስታወቶቹን ነበር።

እስከ ባለፈው ፀደይ ከካራኮል ከተማ ወደ መንደሮቹ የሚመላለስ ሚኒባስ ትነዳ ነበር። ባለቤቱ ድንገት መኪናውን ለእህቱ ልጅ ሰጠና «አንቺ እንግዲህ ዕረፊ፣ የልጅ ልጅ አሳድጊ» ብሎ አሰናበታት። የልጅ ልጅ የላትም። ያላት ሙያ መንዳት ነው። በሰርግ ሰሞን ሙሽሮች ነጭ ሪባን የሚያስሩባት አሮጌ ቮልጋ ፍለጋ ሩቅ አገር ድረስ ሰው እንደሚልኩ ታውቃለች፤ እነሱ በሚኖሩበት ሐይቅ ዳር ደግሞ የምትሄድ አንድ እንኳ የለችም። ስለዚህ ባዝራዋን ሸጣ ይቺን ገዛች።

እማማ ዙራ ሲሸጡላት ብዙ አልተናገሩም። «ቅዳሜ ድርቆሽ ይመጣልኛል። ከዚያ በፊት ጋጣዬን ልቀቂልኝ» ብቻ አሏት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሻይና ዳቦ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቀው አያውቁም።

አናርኩል ማኖቬላውን ነቀለችው። ፒስተኖቹ በዝገት ተጣብቀዋል፤ በጉልበት ብቻ አይሆንም። ካንዴላዎቹን ፈታ ናፍጣና የፍሬን ዘይት ደባልቃ በየቀዳዳው አንቆረቆረች። ጠዋት ጨመረች፤ ማታ ጨመረች። ዘይቱ ወደ ውስጥ እስኪሰርግ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የነዳጅ ታንከሯን አውርዳ፣ ጠጠርና ቤንዚን ጨምራ፣ ወተት እንደሚንጥ ሰው ስትንጠው ዋለች። የወጣው ቡና የመሰለ ዝገት ነው። ካርቡራተሩን በትና በጥርስ ብሩሽ አጠበችው።

«ዛሬም የለም?» ይላታል ቱርዱበክ ማታ።

«የለም።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ትወጣለች።»

«በትራክተር ተጎትታ?»

«በራሷ እግር።»

ሐሙስ ዕለት መዳፏ ውሃ ቋጥሮ ስለነበር እጇን በጨርቅ ጠምጥማ ማኖቬላውን ሰካችው። ትንፋሿን ውጣ ተጫነች። አንዳች ነገር ከውስጥ ቀጭ አለ፤ ብረቱም የጣት ውፍረት ያህል ወረደ። ሳትለቀው ባለችበት ቆመች።

ቱርዱበክ ሱፍ መፈልቀቁን አቆመ። «ተንቀሳቀሰ ልበል?»

«ተንቀሳቅሷል።»

እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ከባልዲው ተነሳ።

«ወገብህስ?»

«እሱን ማታ ታሺልኛለሽ። ፈቀቅ በይ።»

ሁለቱ ተጋግዘው ወደ ታች ገፉት፤ መለሱት፤ ደግመው ገፉት። እያደር እየለቀቀ መጣና በመጨረሻ ሙሉ ዙር ዞረ። ያን ጊዜ ካንዴላ ያልገባባቸው ቀዳዳዎች ጥቁር ዘይት ረጩ፤ የአናርኩልንም ፊት አለበሱት። ቱርዱበክ ቆቡን አውልቆ ግንባሯን ጠረገላት። ቆቡ ከዚያ በኋላ ቆብ አልሆነም።

ቅዳሜ ጠዋት የተዋሷቸውን ጎማዎች ገጠሙ፤ ከጎረቤት ባትሪ አመጡ። ሞተሩ ቁልፉ ሲዞርለት ሁለቴ አስሎ ጠፋ። አናርኩል ቱቦውን ነቅላ አየችው፤ ቤንዚን አልደረሰም። የነዳጅ ፓምፑን ከፈተችው። በውስጡ ያለው ስስ ጎማ እንደ ደረቀ ቅጠል በእጇ ላይ ተፈረፈረ። የዚያን ዓይነት ጎማ ካራኮል ገበያ ላይ እንደማታገኝ ታውቃለች። ተነስታ ወጣችና ብዙም ሳትቆይ በክብ የተቆረጠ ጥቁር ነገር ይዛ ተመለሰች።

ቱርዱበክ አገላብጦ አየው። «ይሄ የዝናብ ካፖርቴ ነው?»

«ነበር።»

«ከየት በኩል ነው የቆረጥሽው?»

«ከጀርባው። ለምን ትጨነቃለህ፣ አንተ አታየውም።»

ፓምፑን ገጥማ ስትጨርስ ድርቆሽ የተከመረበት ትራክተር ደጅ ቆሟል። ነጂው ጥሩንባውን ነፋ። አናርኩል ዞር ብላ አላየችም። ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አሳለ፣ ተንገጫገጨ፣ ሊጠፋ ሲል ቤንዚን ረገጠችለት፣ ያዘ። ጋጣው በነጭ ጭስ ታፈነ፤ ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ወጡ። ከጭሱ በኋላ ቮልጋዋ በራሷ እግር፣ ቀስ ብላ፣ ወደ ግቢው ብርሃን ብቅ አለች። 

ቱርዱበክ ከጎኗ ገብቶ ክርኑን በመስኮት አወጣ። «በገበያው በኩል እንለፍ። የሳቁብን ሁሉ ይዩን። ቤንዚኑ እዚያና ቤታችን ድረስ ብቻ ነው የሚያደርሰን፤ ሌላ ቦታ አትዙሪ።»

«በገበያው እናልፋለን» አለች። እሷም ያሰበችው ይህንኑ ነበር።

ልትነሳ ስትል የኋላው በር ተከፈተ። እማማ ዙራ ንጹህ ነጭ ሻሽ አስረው፣ የክት ካፖርታቸውን ለብሰው ገቡና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«እማማ፣ የሚሄዱበት አለ እንዴ?»

«የለኝም። ድምጿን ሰምቼ ነው።»

«ታዲያ ፊት ይቀመጡ እንጂ። ኋላ ይንጣል።»

«ለምጄዋለሁ፣ ልጄ። ፊት የምትቀመጠው የባሌ እናት ነበረች። እሷ ስትሞት የመሥሪያ ቤቱ አለቆች ተቀመጡ። አለቆቹ ሲቀሩ ደግሞ የድንች ከረጢት አስቀመጠበት፤ ኋላ ላይ ከሆነ ድንቹ ይቀጠቀጣል ይል ነበር።»

ቱርዱበክ ሊስቅ አፉን ከፈተና የሴትየዋን ፊት በመስታወቱ ሲያይ ተወው።

«ውረድ» አለችው አናርኩል።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ኋላ ግባ።»

ወረደ። እማማ ዙራ ጥቂት አመነቱ፤ ከዚያ በሩን ይዘው ወጡና ወደ ፊት መጥተው ተቀመጡ። መዳፋቸውን ከፊታቸው ባለው ብረት ላይ አሳረፉ፤ ከሞተሩ ጋር እጃቸውም ተንቀጠቀጠ።

«ወዴት ልውሰድዎት?»

«ከመቃብሩ በቀር ወደፈለግሽው። ወደዚያ በየዓመቱ እሄዳለሁ።»

ቮልጋዋ ከግቢው ወጥታ መንገዱ አፍ ላይ ደረሰች። በግራ ገበያውና ቤታቸው ነው፤ በቀኝ ቁልቁል ሐይቁ።

«አናርኩል» አለ ቱርዱበክ ከኋላ፣ «ቤንዚኑ።»

«በእግርህ ትመለሳለህ» አለችው። ፍሬኑን ደጋግማ ረግጣ እንደሚይዝ አረጋገጠችና መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘች።