የነገ ልጆች ድንኳን

እንደ ሰው ያልለበሰች ልጅ መንገድ ላይ ብትያዝ፣ የትኛውን ወረቀት አምጪ ትባላለች?

እማማ መዲና ይህን ጥያቄ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ሰንቅረው ሰነበቱ። ማንን ይጠይቁ? የመስጊዱን ሸኽ ቢጠይቁ ይቆጧቸዋል፤ ልጃቸውን ኑርሁሴንን ቢጠይቁ ይስቅባቸዋል። መልስ የሌለው ጥያቄ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል።

ነገሩ የጀመረው በልጅ ልጃቸው በሬሕማ ነው። ሬሕማ ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች፣ ሁለተኛ ደረጃን ልትጨርስ ትንሽ የቀራት ልጅ ናት። በዚያ ዓመት፣ በፈረንጁ ሁለት ሺህ ስድስት፣ ብርዱ ሳይወጣ፣ መኪና ፀሐይ እንዳይመታው ከፊት መስታወቱ ላይ የሚዘረጋውን ብርማ መከለያ ከሱቅ ዐረቢ ገበያ እየገዛች ትመጣና ጓዳ ዘግታ ትሰፋ ጀመር። እማማ መዲና መጀመሪያ ለጓደኛዋ ሰርግ ቦርሳ የምትሠራ መስሏቸው ዝም አሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን ገፋ ሲያደርጉት ግን ልጅቷ ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ እንደ አዲስ ድስት እያብረቀረቀች ቆማለች።

ምን እንደሆነ ጠየቋት።

«ልብስ ነው ሐቦባ» አለች። የካርቱም ልጆች አያታቸውን ሐቦባ ነው የሚሉት። «ከሌላ ኮከብ የመጣ ሰው ልብስ።»

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው። እሷና የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ስለ ከዋክብት፣ ስለሚያስቡ መኪናዎች፣ መቶ ዓመት ቆይቶ ስለሚመጣ ዓለም የተጻፉ ልቦለዶችን እየተዋዋሱ ያነባሉ፤ ፊልሙንም በሲዲ እየተቀባበሉ ያያሉ። ራሳቸውን በዐረብኛ «አውላድ ቡክራ» ብለዋል፣ የነገ ልጆች። በሌላ አገር እንዲህ ያለውን ነገር የሚወዱ ሰዎች የሳምንቱን እረፍት በሙሉ አንድ ላይ ያሳልፋሉ አሉ፤ እንደ ልቦለዱ ሰዎች ለብሰው ይሰለፋሉ፣ ይከራከራሉ፣ ፊልም ያያሉ። እነሬሕማም በሚቀጥለው ወር ዐርብና ቅዳሜ ይህንኑ ሊያደርጉ አስበው፣ አርካዊት በሚባለው ሰፈር አንድ የስፖርት ክበብ አዳራሹን ፈቅዶላቸዋል።

እማማ መዲና ከዚህ ሁሉ የሰሙት አንዱን ቃል ብቻ ነው፤ አርካዊት። ከሰፈራቸው ከጀሪፍ አርካዊት ድረስ፣ ይህን ለብሳ፣ በሓፍላ፣ ሰው በታጨቀበት አውቶቡስ። ልጃቸው፣ የሬሕማ እናት፣ ከሱቅ ዐረቢ ሽንኩርት ገዝታ ስትመለስ ነበር የከሻው መኪና፣ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ የሚለቅመው መኪና፣ አፍሶ የወሰዳት። ድንበር አሻግረው ጣሏት፤ ከዚያ ቤይሩት ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ድምጿ በስልክ ይመጣል እንጂ ፊቷ አልታየም። ያን ጊዜ ሬሕማ ገና ጥርሷን አልነቀለችም። እማማ መዲና ከዚያ ቀን ጀምሮ ይችን ልጅ በዓይናቸው ብሌን ላይ አስቀምጠው ነው ያሳደጓት። ትምህርት ቤት ስትዘገይ ከመንገዱ ጫፍ ድረስ ወጥተው ይቆማሉ፤ ስታስነጥስ ዱዓ ያደርጋሉ።

ስለዚህ እንቢ አሉ። በሕይወት እያሉ የማይሆን ነገር ነው አሉ።

ሬሕማ አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ብርማውን ልብስ አውልቃ አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ሐቦባ፣ እናቴን ሲወስዷት የሰው ልብስ ለብሳ ነበር። ቶብ ለብሳ፣ ሽንኩርት ይዛ። ያኒ፣ የሚወስድ ሰው ልብስ አያይም። እኔ ይህንን አደርገዋለሁ። አንቺ ብትፈልጊም ባትፈልጊም።»

እማማ መዲና ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩና ሲነጋ፣ ገና የውዱእ ውሃ ከእጃቸው ሳይደርቅ፣ ልጅቷን ቀሰቀሷት። አድርጊው፣ ግን እዚሁ አድርጊው፤ የእኔ ሖሽ፣ ይህ ግቢ፣ ለአርካዊት አዳራሽ አያንስም፤ ከበር ውጭ አንድ እግር እንኳ እንዳይወጣ አሏት። ሬሕማ ዓይኗን እያሸች እሺ አለች፤ ግን ሰልፉ ይቅር እንዳይሏት አስጠነቀቀች። ሰልፉ በግቢው ውስጥ ይሆናል ተባብለው ተስማሙ።

ኑርሁሴን ይህን ሲሰማ የምሳውን ፉል ትቶ ተነሳ። የረክሻ፣ የባለ ሦስት እግር ታክሲ፣ ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ይውልና ቤት ሲገባ ጸጥታ ይፈልጋል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለ። «ይሄ ደግሞ ማርስ ላይ የተቦካ ነው።» እናቱ ግን እንደ ውሳኔ እንጂ እንደ ምክክር አልነገሩትም ነበርና ተመልሶ ተቀመጠ።

እማማ መዲና በፍርሃታቸው ልክ የማቀድ ኃይል ያላቸው ሴት ናቸው። ኮምቦልቻ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ ሠላሳ ዓመት በሰው ቤት ሠርተዋል፤ ከዚህም በላይ የጀሪፍ የወሎ ሴቶች ዕድር፣ የቅሬው ድንኳን፣ ወንበርና ሳህን በእሳቸው እጅ ነው። ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚያደርግ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቃሉ። የነገ ልጆች ለምክክር ሲመጡ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው ሥራ አከፋፈሏቸው። በር የሚጠብቅ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ጫማ የሚደረድር፣ ሴቶቹ በቀኝ፣ ወንዶቹ በግራ፤ መጨረሻው መግሪብ ሳይደርስ። ልጆቹ ስለ ፕሮግራም ሊነጋገሩ መጥተው ስለ ጫማ ሲነጋገሩ ዋሉ።

ከመካከላቸው አፉ የማይዘጋው ጥዑመልሳን የሚባል የደገኛ ክርስቲያን ልጅ ነበር፤ አባቱ ሱቅ ዐረቢ ሰዓት ይጠግናል። ቀስ በቀስ እሱና ሬሕማ ፕሮግራሙን በመካከሉ ሸጎጥ ሸጎጥ አደረጉበት። ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ፊልም፣ ከዚያ የጥያቄና መልስ ውድድር፤ ቅዳሜ ሰልፉ፣ ከሰልፉ በኋላ ክርክር። የክርክሩ ርዕስ ማርስ ላይ የሚኖር ሙስሊም ሲሰግድ ፊቱን ወዴት ያዞራል የሚል ነበር። እማማ መዲና ስግደት መጫወቻ አይደለም ብለው ተቆጡ። ጥዑመልሳን ሊያስታርቅ ፈልጎ፣ እኛም እንዲህ ያለ ጥያቄ አለን እኮ እማማ፣ ዐርብ በማይታወቅበት ኮከብ ላይ ዐርብን እንዴት እንጾማለን አላቸው።

«አንተ ዐርብ በሚታወቅበትስ መቼ ጾመህ ታውቃለህ?» አሉት፤ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተንከባለሉ።

ይሁን እንጂ ነገሩ ውስጣቸው ገብቶ ኖሮ በማግስቱ ሬሕማን ለብቻዋ አገኟትና፣ ምድር ከዚያ ሆኖ ትታይ እንደሆነ ጠየቋት። እንደ ኮከብ ሆና ትታያለች አለቻቸው። «እንግዲያው ወደ እሷ ነዋ» አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ። ክርክሩ ከፕሮግራሙ አልተሰረዘም።

አንድ ነገር ብቻ ከለከሉ፤ ለጎረቤት እንዳይነገር። ወሬ እየዞረ ያብጣል፤ ከአንዱ ጆሮ ፊልም ሆኖ ወጥቶ ከሌላው ጆሮ ጭፈራ ሆኖ ይገባል፤ የሰፈሩ ኮሚቴ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አላህ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ሬሕማ የትምህርት ቤት እረፍት ስለሆነ ጓዳ ዘግታ የሰባት ልጅ ልብስ ስትሰፋ ሰነበተች፤ በራቸው ላይም ለአንድ ሳምንት ያህል አልታየችም።

ሐሙስ ጠዋት የቅሬው ድንኳን ወጣ። ሖሹ ለተጋበዘው ልጅ ሁሉ ጠባብ ሆኖ ስለተገኘ፣ የፊልሙ ማሳያ ከግቢው በር ውጭ እንዲሆንና ሰልፉ ከግቢው እንዳይወጣ ተነጋግረው ነበር። የቅሬዋ ዘምዘምና ሌሎች ሁለት ሴቶች ሊያግዙ መጡ። ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ እጃቸው የለመደውን ያውቃልና። ቡናማውን ሸራ በበሩ ፊት ዘረጉ፣ ወንበሩን ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ደረደሩ፣ የውሃውን ዚር፣ ትልቁን እንስራ፣ ከመግቢያው አጠገብ አቆሙ፣ ትልቁን ድስት ጣዱ። ዘምዘም ከድስቱ ጎን ሽንኩርት ለመላጥ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ቀላ፤ እንባዋ ወረደ።

ዙህር ከተሰገደ ቆየት ብሎ ሐጃ ሉጥፊያ መጣች። የግድግዳ ጎረቤታቸው የሆነች ሱዳናዊት ናት፤ ነጭ ቶቧን ለብሳ፣ ከኋላዋ የሰፈሩ ሴቶች ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘው ተከትለዋል። ድንኳኑ ደፍ ላይ ቆመችና ሁለት መዳፏን ከፍታ ወደ ላይ አነሳች። ፋትሓ አለች። ሴቶቹ ሁሉ መዳፋቸውን አነሱ። እማማ መዲናም ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ልማድ ነውና የያዙትን መወልወያ ጥለው አብረው አነሱ፣ የቁርኣኑን መክፈቻ አብረው ቀሩ፣ አሚን ብለው ፊታቸውን አበሱ። ድንኳን ደፍ ላይ ፋትሓ የሚቀራው ለለቅሶ መሆኑ የከነከናቸው ከዚያ በኋላ ነው።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

ሐጃ ሉጥፊያ እጃቸውን ያዘች፤ የሐዘን አእምሮ የሚያደርገውን ታውቃለችና በለሆሳስ ነገረቻቸው። ሬሕማ ከታየች ሰነበተች፤ ታማለች ብለን ነበር፤ ዛሬ ድንኳኑን አየን፤ ይችም ሴት ስታለቅስ አየን።

በዚህ መካከል የቤቱ በር ተከፈተና ሬሕማ፣ ጫጫታው ምን እንደሆነ ልታይ፣ ልኩን ስትሞክረው የነበረውን ብርማ ልብሷን እንደለበሰች ብቅ አለች። ፀሐይዋ አረፈችባት። አንዷ ሴት ስኳሩን ለቃ ዚሩ ላይ ተደገፈች፤ ሌላዋ ቢስሚላህ እያለች ወደ ኋላ ሸሸች። ነገሩ ሲጣራ፣ ዘምዘምም ሽንኩርቷን አንስታ ስታሳይ፣ ያ ሁሉ ሐዘን ሳቅ ሆኖ ፈነዳ። ሴቶቹ ልጅቷን እየዳሰሱ፣ ከጀነት ነው ከገሀነም የመጣሽው እያሉ ቀለዱባት።

እማማ መዲና አልሳቁም። ወንበር ላይ ተቀመጡ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። በዚያች ልጅ ላይ የሙት ፋትሓ ተቀርቷል፤ አሚን ያሉት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከዚህ የባሰ ምልክት ከየት ይመጣል? ቀና ብለው ድንኳኑ ይነሳ አሉ። ዐርብም ቅዳሜም የለም፤ ሁሉም ወደየቤቱ።

ኑርሁሴን ይህን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ከረክሻው ወርዶ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ሬሕማ ከፊታቸው መጥታ ቆመች። ልብሷ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

«ኻላስ ሐቦባ፣ ይነሳ» አለች። «አርካዊት ያለውን አዳራሽ አልመለስነውም። ነገ እዚያ ነን።»

ስታስፈራራ አልነበረም። እማማ መዲና የልጅቷን ፊት ያውቁታል፤ ከሻው እናቷን በወሰደ ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልቀምስም ያለችበት ፊት ነው። ድንኳኑ ከተነሳ ልጅቷ በሓፍላ ትሄዳለች። ድንኳኑ ካልተነሳ ደግሞ በሙት ድንኳን ሥር ልትጨፍር ነው።

ሐጃ ሉጥፊያ ከጎናቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። አማርኛ አታውቅም፤ የሴት ፊት ማንበብ ግን ታውቃለች። በዐረብኛዋ ተናገረች።

«መዲና እህቴ፣ ፋትሓ የሙት ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው? ልጃገረድ ስትታጭስ የምንቀራው ምንድን ነው? ያነሳነው ለልጅሽ ነው፣ አላህ ደግሞ የትኛው ድንኳን እንደሆነ አይሳሳትም። የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ። በእኛ አገር ድንኳን ያለ መብራት ከተተከለ ለቅሶ ነው። ቀዩና አረንጓዴው አምፖል ከተንጠለጠለበት ማንም ምን እያደረጋችሁ ነው አይልሽም፤ የኮሚቴው ሰውም ቢያልፍ አላህ ይባርክ ብሎ ያልፋል።»

ኑርሁሴን ገመዱን ሳይለቅ፣ የሰርግ መብራት የሚያከራየው ሰውዬ ሓፍላ መቆሚያው ጋ ነው፣ ዐስር ሲሰገድ ይዘጋል፣ ለዛሬ አይደረስበትም አለ። ደግሞስ አለ፣ ለሰርግ ነው ብሎ የሚዋሸው ማን ነው?

እማማ መዲና ተነሱ። የልጃቸውን እጅ ከገመዱ ላይ አስለቀቁና ካስማው ላይ መልሰው ሁለት ጊዜ ጠመጠሙት፤ ጎትተው አጠበቁት። የወደቀውን ስኳር አነሱ፣ ለዘምዘም አቀበሏት። ፊት ለፊት የተደረደረውን ወንበር አየት አድርገው አንዱን ረድፍ በእግራቸው ገፍተው ወደ ማሳያው አዞሩት፤ ሬሕማ ገብቷት የቀሩትን ማዞር ጀመረች።

ቤት ገብተው ቶባቸውን አጣፉ፣ ጫማቸውን አጠለቁ። ሐጃ ሉጥፊያ አብሬ ልሂድ ብላ ተነሳች፤ ኑርሁሴን ቆይ በረክሻ ላድርስሽ እያለ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይፈልጋል፤ ሬሕማ ወንበር እንደታቀፈች ታያቸዋለች። እማማ መዲና ግን በመካከላቸው አልፈው፣ መብራት አከራዩ ሳይዘጋ ለመድረስ፣ ከቤት ወጥተው ወደ ሓፍላው መቆሚያ አቀኑ።